ሸረሪት፦ ከሦስት አጽቄዎች ወገን ያልሆነችው አዳኝ

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ጠልቃ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ መብራቶች ሲበሩ፣ እጭ ሆነው ውኃው ውስጥ ያደጉ ጥቃቅን ትንኞች ብርሃኑን ይከቡታል። አንዲት ሸረሪት ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ አጥርና ቁጥቋጦ መካከል፣ ድሯን ወጥራ ትጠብቃለች።

ብዙዎቻችን ሸረሪትንም ትንኝንም «ነፍሳት» ብለን በአንድ እንጠራቸዋለን። የሳይንስ መጻሕፍታችን ግን ዝንብን፣ ንብን፣ ጉንዳንንና ትንኝን «ሦስት አጽቄ» ይሏቸዋል፤ አካላቸው ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላልና። ይህ ስም ብቻውን ሸረሪትን ከመካከላቸው ያወጣታል። የእሷ ራስና ደረት አንድ ላይ ተዋሕደዋል፤ ሆዷ በቀጭን ወገብ ተያይዞ ይከተላል፤ በጠቅላላው ሁለት ክፍል ነው። እግሮቿ ስድስት ሳይሆኑ ስምንት ናቸው። ክንፍም አንቴናም የላትም። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዐይን አላቸው። የሥጋ ዘመዶቿም ጊንጥና መዥገር ናቸው።

የሞተች ሸረሪት እግሮቿ ተጨማድደው ለምን እንደምትገኝ አስበው ያውቃሉ? እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው፤ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎቿን የምትዘረጋው ግን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ስትሞት ግፊቱ ይጠፋል፤ እግሮቿም ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ።

ክሯ ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ እየተሳበ ሲወጣ ይጠነክራል። ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ማጉን እንደሚያስገባ ሁሉ፣ ክብ ድር የምትሠራውም ሸረሪት መጀመሪያ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦዎች ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱትን ክሮች ትዘረጋለች። ከዚያ የሚያጣብቀውን ክር እየዞረች ትጨምርበታለች። ትንኝ ሲያዝ ንዝረቱ በክሩ በኩል እግሯ ይደርሳል። ያኔ ፈጥና ትነክሰዋለች፤ ጠጣር ምግብ መዋጥ ስለማትችል ሥጋውን በሚያሟሟ ፈሳሽ አለስልሳ ትመጠዋለች።

ሁሉም ግን በድር አያድኑም። ግድግዳ ላይ የምናያት ዘላይ ሸረሪት እንደ ድመት አድብታ ትዘላለች። በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የምትገኝ አንዲት ዘላይ ሸረሪት ደም የጠጣች የወባ ትንኝን ከሌላው ምግብ አብልጣ እንደምትመርጥ በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት አሳይቷል።

እስካሁን በሳይንስ ስም የተሰጣቸው የሸረሪት ዝርያዎች ከ50,000 ይበልጣሉ፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አዳኝ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ማርቲን ኒፈለርና ክላውስ ቢርክሆፈር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፣ የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን እንስሳት ይበላሉ፤ አብዛኞቹም ሦስት አጽቄዎች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በእውን ይታያል፤ አንዷ የምትይዘው ጥቂት ቢሆንም የሁሉም ሲደመር ያን ያህል ይሆናል። አዳኟም ታዳኝ ናት፦ ወፍና እንሽላሊት ይለቅሟታል፤ አንዳንድ ተርብም አደንዝዞ ለልጁ ቀለብ ያደርጋታል።

አብዛኞቹ መርዝ ቢኖራቸውም፣ ሰውን ክፉኛ የሚጎዱት ሸረሪቶች እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቤት ውስጡን ድር ብንጠርግ እንኳ የአጥሩን እንተውላት። ብዙዎቹ ክብ ድር ሠሪዎች ያረጀ ድራቸውን በልተው፣ ያንኑ ለአዲስ ክር ያውሉታል። መብራቱ ሲበራና ትንኞቹ ሲመጡ የአጥሯም ሸረሪት ሥራዋን እንደገና ትጀምራለች።