ቢላ የሚያባብሰው ቁስል

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቅልጥም ላይ ነው፤ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ቀይ ጉብታ ይወጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መግል ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ይሰፋል። ጠርዙ ሐምራዊ ሆኖ ያብጣል፤ ሥሩ ስለተበላ ሐኪሙ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ሲያስጠጋ ከጠርዙ በታች ሾልኮ ይገባል። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም ይባላል።

የአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1930 ይህን ስም ሲያወጡለት መንስኤው ባክቴሪያ መስሏቸው ነበር። አልነበረም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቆዳውን የሚያጠቃው የሰውየው የራሱ የሰውነት መከላከያ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች የአንጀት፣ የመገጣጠሚያ ወይም የደም በሽታም አለባቸው። ክፋቱ፣ ቁስሉ ተበክሏል ብሎ ሥጋውን ቆርጦ የሚያጠራ ሐኪም ይባስ ያሰፋዋል። በሌላ በኩል ቲቢ፣ ካንሰር፣ በአገራችን ደጋ የሚታወቀው ቁንጭርም ሊመስሉት ስለሚችሉ ከጠርዙ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።

ሕክምናው መከላከያውን ማርገብ ነው። ዋነኞቹ መድኃኒቶች ፕሬድኒሶን (አገር ቤት ፕሬድኒሶሎን የምንለው ዘመዱ ነው) እና ሳይክሎስፖሪን ናቸው። ሁለተኛው ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ፈንገስ የወጣና የተተከለ ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ብሪታንያ ውስጥ 121 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ፕሬድኒሶሎንን ከሳይክሎስፖሪን ጋር ሲያወዳድር፣ በ6 ወር ውስጥ የዳኑት በሁለቱም 47 ከመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ምርጫው በጉዳታቸው ይወሰናል፦ የመጀመሪያው ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለቱም ካልሠሩ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች ይከተላሉ። አዲስ አበባም ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና እንግዳ አይደለችም፤ አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መከላከያ ሲቆጣ በፕሬድኒሶሎን ያክማል፣ ሳይክሎስፖሪንንም በጥናት ሞክሮታል።

ሳን ሆዜ ለሚኖር ሐበሻ ግን ትልቁ ጉዳይ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ያለው ምርመራ ነው። ሳን ሆዜ በምትገኝበት ሳንታ ክላራ ካውንቲ አብዛኞቹ የቲቢ ታማሚዎች ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ቲቢ መከላከያው ሲረግብ ሊነሳ ይችላል። ልጅ ሆነን የተከተብነው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ የክንድ ላይ የቲቢ ምርመራውን ሊያሳስት ስለሚችል የደም ምርመራው ይመረጣል። ከዚህም ይበልጥ የሚረሳው ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ነው። በባዶ እግር በኩል ከአፈር ይገባል፣ ዐሥርተ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፣ ፕሬድኒሶን ሲጀመር ግን ተባዝቶ ሊገድል ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በአይቨርሜክቲንም ይጠፋል።

ሐኪሙ ካልጠየቀዎት የት እንዳደጉ እርስዎ ይንገሩት። ለአገር ቤት ጉዞ የቢጫ ወባ ክትባት ከማሰብዎ በፊትም ያማክሩት፤ ሕያው ቫይረስ ስላለው መከላከያውን ከሚያረግቡት መድኃኒቶች ጋር አይሄድም። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይከፈልበትም።