የዜማ ዕቃ አሠራር በቤተ መዘክር እንዴት ይጠበቃል?

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም የዜማ ዕቃ ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ ከዕቃው ጋራ ምን አብሮ ሊጠበቅ ይገባል? የሚል ነው። ጥያቄው ለማናቸውም አገር የሚሆን ቢሆንም፣ እኛ የምናስበው ስለ ሚዛን ተፈሪ፣ ስለ ቴፒና በዙሪያቸው ስላለው የቡና አገር ነው። አሳባችን ግልጥ እንዲሆን አስቀድመን ፋብሪካ ያለበትን አገር፣ ቀጥለን የእኛን አገር እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በደቡብ ጀርመን ትሮሲንገን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ማቲያስ ሆነር የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1857 በአፍ የሚነፋ አርሞኒካ መሥራት ጀመረ። ሥራው እያደገ ሄዶ ትልቅ ፋብሪካ ሆነ፤ አርሞኒካውና አኮርዲዮኑም በዓለም ተሠራጨ። በ1991 የጀርመን የአርሞኒካ ቤተ መዘክር በዚያው ከተማ ተቋቋመ፤ ዛሬም የሚገኘው በቀድሞው የሆነር ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስብስቡ ወደ 25,000 አርሞኒካ ይደርሳል። ነገር ግን ዋጋው በብዛቱ ብቻ አይለካም። ፋብሪካ ሥራውን በጽሑፍና በመኪና የሚይዝ ነውና፣ ሠሪው ቢሞት እንኳ ዕቃው ከምንና እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ይቻላል።

ቅኝቱም ቢሆን ከዕቃው አይለይም። አርሞኒካ የሚጮኸው በውስጡ ባሉት ቀጫጭን የናስ ምላሶች ነው። ምላሱ ጫፉ ላይ ሲፋቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሥሩ ላይ ሲፋቅ ይወፍራል። ስለዚህ ሠሪው የሰጠው ድምፅ በናሱ ላይ ተቀርጾ ይቀራል ማለት ነው።

በአገራችን ግን ክራሩም ከበሮውም የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በሠሪው ደጅ ነው። ለዚህ ዐይነት ስብስብ የታወቀው በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ነው። ቤቱ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ነው። ብዙ ተማሪ በገናንና ሌሎችን የአገራችንን የዜማ ዕቃዎች በቅርብ ያየው በዚያ ነው። ሆኖም የተሰበሰበ ዕቃ በየትም ቦታ ቢቀመጥ አንድ ችግር ይገጥመዋል።

ክራርን እንውሰድ። ገበቴው፣ ቆዳው፣ ሁለቱ ምሰሶና ቀንበሩ ይቀመጣሉ፤ ቅኝቱ ግን ያለው በአውታሩ ውጥረት ላይ ብቻ ነውና አውታሩ ሲላላ አብሮ ይሄዳል። እንጨቱ እንዳይጐብጥ ተብሎ ሆን ብሎ የሚላላበትም ጊዜ አለ። ከቴፒ ወደ ምዕራብ፣ በጋምቤላ በአኙዋክ ዘንድ የታወቀው ቶምም እንዲሁ ነው። ቶም በአውራ ጣት የሚመታ፣ እንደ አርሞኒካ በምላስ የሚጮኽ ዕቃ ነው። ነገር ግን ምላሶቹ በሣጥኑ ላይ ተጠፍረው የተያዙ ስለ ሆኑ ወደ ውጭ ሲሳቡ ድምፁ ይወፍራል፤ ወደ ውስጥ ሲገፉ ይቀጥናል። በጕዞ ወይም በማጽዳት ጊዜ ትንሽ ቢንሸራተቱ ቅኝቱ ጠፋ። እንግዲህ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክራር ግማሽ ክራር ነው፤ ሌላው ግማሽ በሠሪውና በተጫዋቹ ጆሮና እጅ ውስጥ ይቀራል።

በቡናው አገር ነገሩን የሚያስቸኵለው ሌላ ምክንያት አለ። ለከበሮና ለገበቴ የሚመረጠው ዋንዛ የቡና ጥላም ነው፤ ስለዚህ የዜማ ዕቃው ዕድል ከጫካው ዕድል ጋራ የተሳሰረ ነው። ዩኔስኮ የከፋን ጫካ በ2010፣ የሸካን ጫካ በ2012 በጥብቅነት መዝግቧል። ለቡናውም በቦንጋ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተሠርቶለታል። ለዛፉና ለፍሬው እንዲህ ሲታሰብ ከዛፉ ከበሮ የሚጠርበው ሰው ግን ሳይጠየቅ ያረጃል። ከዚህም በላይ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ ሲናቁ ኖረዋል። የተናቀን ሰው ዕውቀት ማን ይጽፍለታል? የሰብሳቢው ስም በካርድ ላይ ሲጻፍ የሠሪው ስም የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ዕቃ ገዝቶ ከመምጣቱ በፊት የሚከተለውን እንዲጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ እንጨቱ በአገሩ ቋንቋ ማን ይባላል? በየትኛው ወራት ይቈረጣል? ስንት ጊዜስ ይደርቃል? ሁለተኛ፣ ቆዳው የምን እንስሳ ነው? ጠጕሩስ በምን ይለቃል? ሦስተኛ፣ ሥራው በምን መሣሪያ፣ በስንት ቀን፣ በምን ቅደም ተከተል ያልቃል? አራተኛ፣ ሠሪው ከማን ተማረ? አሁንስ የሚማርለት አለ? አምስተኛ፣ ተጫዋቹ ራሱ ቃኝቶ እያንዳንዱን አውታር ወይም ምላስ ለብቻው ሲመታ ድምፁ ይቀረጽ። ከተቻለም ካለቀው ዕቃ ጋራ ጅምሩና መጥረቢያው ይገዛ፤ ጅምር ዕቃ ካለቀው ይልቅ ስለ አሠራሩ ብዙ ይናገራልና።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፣ ዛሬ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ ስላለ አንድ ክፍል ለመነሻ ይበቃል፤ ድምፅ መቅረጫም በየተማሪው ኪስ ይገኛል ብለን እናስባለን። ትሮሲንገን ፋብሪካዋን ከነታሪኩ ማኖር የቻለችው ፋብሪካው ራሱ መዝገብ ስለ ተወላት ነው። የእኛ ሠሪ መዝገብ አይተውም፤ መዝገቡ ራሱ ነው። ስለዚህ እርሱ በሕይወት ሳለ መጻፍ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። መምህራኖቻችንም ጥያቄዎቹን አርመውና ጨምረው እንዲመሩን በአክብሮት እንለምናለን።