የቢሮ ምሳ፦ ዋጋው የረከሰው ከምን ላይ ተቀንሶ ነው?

ከቀኑ 6:30 ሲሆን የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ የት እንብላ?» እኛ ሙስሊም ሠራተኞች ደግሞ ሌላም እንጠይቃለን። ምግቡ ሐላል ነው? ዙህርን ሰግደን በሰዓቱ እንመለሳለን? ኪሳችንስ ይችለዋል?

በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የምሳ ዋጋ ብዙዎቻችንን አስጨንቋል። በፒያሳና በካዛንቺስ የለመድናቸው በርካታ ትናንሽ ምግብ ቤቶችም በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ተነስተዋል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ምሳ መዝለል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ በአንድ እርጥብ መዋል ጀምረናል። ታዲያ በዚህ ወቅት ጥራትንና ዋጋን እንዴት እናመዛዝን?

በእኛ አመለካከት «ርካሹ የት ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ ቤት ዋጋውን የቀነሰው ከምን ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መልካሙ ቅናሽና መጥፎው ቅናሽ

አንዳንዱ ቤት ርካሽ የሆነው ጠባብ ስለሆነና ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ስለሚገኝ ነው፤ ኪራዩ አነስተኛ ነው። ሌላው ሽሮ፣ ምስርና ፍርፍር ብቻ ስለሚያቀርብ ነው። የምግብ ዝርዝሩ አጭር ሲሆንና ተመጋቢው ሲበዛ የተሠራው ያልቃል፤ ለነገ የሚያድር አይኖርም። እንዲህ ያለው ቅናሽ ምግቡን አይነካም። ወንበሩ ቢያረጅ፣ ግድግዳው ቢላላጥ ግድ የለም።

ቅናሹ ከዘይት፣ ከእንጀራ፣ ከሥጋ ወይም ከንጽሕና ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተቃራኒው ውድ ቤት ሁሉ ጥሩ አይደለም። ትልቅ ሕንፃ ሥር ስንበላ የምንከፍለው ለወጡ ብቻ ሳይሆን ለኪራዩና ለሶፋውም ነው።

በዓይናችን የምናየው

ዘይት፦ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ይጠቁራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ቶሎ ይጨሳል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታም ይኖረዋል። የእርጥብ ድንችና ሳንቡሳ የሚጠበስበትን መጥበሻ አንድ ጊዜ ማየት ብዙ ይነግረናል።

ሙቀት፦ የበሰለ ምግብ ትኩስ ሆኖ ለመቆየት ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሆን አለበት። ለብ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ የተቀመጠ ወጥ ጀርም ይራባበታል። በተለይ ሩዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በመቀቀል የማይሞት የጀርም ዘር ስላለ ቀዝቅዞ የዋለ ሩዝ ሆድ ያውካል።

ውሃና ሳሙና፦ የእጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና ከሌለ ወጥ ቤቱ ውስጥ መኖሩን መጠራጠር ተገቢ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ጥሬ ሰላጣውን ትተን በትኩስ የበሰለውን እንምረጥ።

እንጀራ፦ ጤፍን ከሩዝ፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር መቀላቀል በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የተቀላቀለውን «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ መሸጥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ነጋዴውን የገሠጹት፣ እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢው ስላላሳየ ነው።

ሐላልነቱን መጠየቅ ነውር አይደለም

«የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በአዲስ አበባ ቄራ የሙስሊምና የክርስቲያን እርድ ተለይቶ ይካሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱን ለብቻው ጠርተን «ሥጋውን ከየት ነው የምታመጡት?» ብንል ታማኝ ነጋዴ አይከፋውም። ሰው ፊት ማሳጣት ግን አደብ አይደለም።

በአቅራቢያችን እንዲህ ያለ ቤት ከሌለ ብዙዎቻችን ሌላ ቤት ገብተን ሽሮ ወይም በየዓይነቱ እናዛለን። ያን ጊዜም ሽሮው ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ እንዳለው፣ ሥጋ በተሠራበት ድስት እንዳልተሠራ መጠየቅ ይገባል።

ሒሳቡን በወር እንሥራው

ለምሳሌ በወር 22 ቀን እንሠራለን እንበል። ከቢሮው አጠገብ ያለው ቤት ምሳ 250 ብር፣ ራቅ ያለው ደግሞ 180 ብር ቢሆን፣ የመጀመሪያው በወር 5,500፣ ሁለተኛው 3,960 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 1,540 ብር ነው። ነገር ግን ለርካሹ ለታክሲ ደርሶ መልስ 30 ብር ብናወጣ፣ ምግቡም ሳያጠግበን ቀርቶ 10 ሰዓት ላይ ለሻይና ሳንቡሳ 50 ብር ብንጨምር የቀኑ ወጪ 260፣ የወሩ 5,720 ብር ይደርሳል። ርካሹ ውድ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ቫት ነው። ዋጋው ቫትን የማይጨምር ከሆነ 250 ብር የተባለው በ15 በመቶ ታክስ 287 ብር ከ50 ይሆናል። ከማዘዝ በፊት እንጠይቅ።

ሰዓትም ገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ ዙህር እንደ ወቅቱ ከ6:10 እስከ 6:40 ባለው ጊዜ ይገባል። ወረፋው የሚበዛውም እረፍቱ እንደተጀመረ ነው። ስለዚህ በስልክ አዝዞ፣ ሰግዶ ከዚያ መመገብ ለብዙዎቻችን ቀሏል። ራቅ ያለ ቤት መሞከር ከፈለግን ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5:30 እስከ 7:30 የሚያርፉበት ዓርብ፣ ከጁሙዓ በኋላ ጊዜ እስካለ ድረስ፣ ይመቻል።

ይሉኝታ የሚያስወጣን ብር

የምሳ ወጪያችንን ከምግቡ ይልቅ የሚያንረው አንዳንዴ ይሉኝታ ነው። ባልደረቦቻችን ውድ ቤት ሲገቡ «አልችልም» ማለት ይከብደናል፤ ሒሳብ ሲመጣም «እኔ ልክፈል» ብለን እንሻማለን፤ ወሩ ሳያልቅ ብድር እንጠይቃለን። አራት ሆኖ ሦስት ምግብ አዝዞ በአንድ ማዕድ መብላት፣ ሒሳቡንም እኩል ማዋጣት ከዚህ ያድነናል። በሳምንት ሁለት ቀን ምሳ ዕቃ ይዞ መምጣትም የሚያሳፍር አይደለም፤ ሐላልነቱንና ንጽሕናውን የምናውቀው ምግብ ከቤታችን የመጣው ነውና።

ለምግብ ቤት ባለቤቶች ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ዘይትና ጤፍ እንደተወደደባችሁ እናውቃለን። ዋጋ መጨመር ግድ ከሆነ በግልጽ ጨምሩ፤ ከጥራቱ በስውር አትቀንሱ። ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሆን አስሞልተው እየተቀበሉ ለሌላው የሚያጎድሉትን እንደሚያስጠነቅቅ አንዘንጋ። እኛም ታማኝ ቤት ስናገኝ ለባልደረቦቻችን እንንገር፤ ሐቀኛ ነጋዴ የሚበረታው ደንበኛ ሲኖረው ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን።