ሃርቲ፦ ድምፅ ያለው ልብ

ትርጉም ቤት የሚሠራ ሰው የሐዘን መግለጫ መምጣቱ አይቀርለትም። አማርኛው «ልባዊ ሐዘናችንን እንገልጻለን» ይላል። ወጣቱ ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ያገላብጥና «ልባዊ» የሚለውን በእንግሊዝኛ «ሃርቲ» አድርጎ ያመጣልኛል። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ፊደሉም አልተሳሳተም። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ቢያነበው ግን ለቅሶ ቤት በእልልታ እንደተገባበት ይቆጥረዋል።

ለሐዘን የሚሆነው «ሃርትፌልት» የሚለው ነው። ሁለቱም ቃላት ከልብ የወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው «ሃርትፌልት» እውስጥ የሚሰማን ስሜት ሲገልጽ፣ «ሃርቲ» ደግሞ ወደ ውጭ የወጣውን መናገሩ ነው። ሃርቲ ሳቅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ሃርቲ ሰላምታ እጅን ጨብጦ ትከሻ ይነቀንቃል። ፈገግ ብሎ «ግቡ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ሃርቲ አቀባበል የሚባለው ግን ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ደጅ ድረስ ወጥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንግዳውን ሲቀበል ነው።

ቃሉ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ግንዱ ልብ የሚል ትርጉም ያለው «ሃርት» ነው፤ እሱም ከግሪኩ «ካርዲያ» እና ከላቲኑ «ኮር» ጋር በሥር ይዛመዳል። የልብ ሐኪሙን ካርዲዮሎጂስት የምንለው በግሪኩ በኩል በመጣው ስም ነው። ከላቲኑ ደግሞ «ኮርዲያል» ተገኘ፤ ይህ የሃርቲ የአጎት ልጅ ቢሆንም ከረባቱን አይፈታም። ብሪታንያና ፈረንሳይ በ1904 እ.ኤ.አ. የቅኝ ግዛት ጭቅጭቃቸውን የቋጩበት ስምምነት «አንታንት ኮርዲያል» ተብሏል። ዲፕሎማቶች የሚፈራረሙት ወረቀት ሃርቲ ሊሆን አይችልም።

ጥንት ቃሉ እንዲህ አይጮኽም ነበር፤ ለቅንነት ይቀርብ ነበር። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በምሳሌ 27፥9 ላይ የወዳጅን ምክር ሃርቲ ይለዋል። የዕብራይስጡ ቃል «ኔፌሽ» ነው፤ የእኛ «ነፍስ» የሥጋ ዘመዱ ነው። ከነፍስ የሚመጣ ምክር በሹክሹክታም ይነገራል። ድምፁና ጉልበቱ በዘመን ብዛት ጎልተው ነው ዛሬ ሰው ሃርቲ ሲባል መጀመሪያ ሞቅታው የሚታየን።

ጉልበቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው «ሄል ኤንድ ሃርቲ» በሚለው አባባል ነው። «ሄል» ጤነኛ ማለት ሲሆን፣ ጤና ከሚለው «ሄልዝ» እና ሙሉ ከሚለው «ሆል» ጋር ሥሩ አንድ ነው። አባባሉ የሚነገረው ግን ለማንም አይደለም። ዕድሜ ገፍቶባቸው ገበያ በእግራቸው ደርሰው ለሚመለሱ፣ ሲያወሩም ቤቱን ለሚሞሉ አዛውንት ነው። የሃያ ዓመት ጎረምሳን እንዲህ ብሎ ማመስገን ይከብዳል፤ ከእሱ የሚጠበቀው ይኸው ነዋ! ለሥራ ድጋፍ ደብዳቤ ይህን አባባል የሚመርጥ ሲያጋጥመኝ፣ ባለጉዳዩ ጡረታ ወጥቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ቃሉ ማዕድ ላይ ይቀርባል። እንግሊዞች ሃርቲ ቁርስ ሲሉ እንቁላል፣ ቤከን፣ ቋሊማ፣ ባቄላ፣ የተጠበሰ ቲማቲምና ቶስት የሞላበት ሳህን ማለታቸው ነው። ሃርቲ ሾርባም ገብስ፣ ድንችና ሥጋ ገብቶበት ማንኪያ የሚከብድበት እንጂ የጠራ መረቅ አይደለም። ሜኑ ስተረጉም እዚህ ላይ ልብን ትቼ ወደ ታች እወርዳለሁ። አማርኛ ይህን ሥራ ለአንጀት ሰጥቶታልና «አንጀት የሚያርስ» ብዬ አልፋለሁ። የእኛ ልብ ሥራው ሌላ ነው፦ ልብ እንላለን፣ ልብ እንገዛለን፣ ልብ ወለድ እንጽፋለን። ሲከፋን የሚብሰን ሆዳችን ነው። ለእንግሊዙ ልብ ብቻውን የተጫነው ሸክም እኛ ዘንድ ለሦስት ተከፍሏል።

ሃርቲ ሲበዛ ያሰለቻል። በ1920ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ ቃሉ ስም ሆኖ፣ ጀልባ ቀዛፊና ራግቢ ተጫዋች የሆኑ፣ ጠጥተው ግቢውን የሚያናውጡ ተማሪዎች መጠሪያ ነበር። ባላንጣዎቻቸው ግጥምና ሥዕል ወዳዶቹ «ኤስቲቶች» ነበሩ። ኢቭሊን ዎ በ1945 ባሳተመው «ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ» ልብ ወለድ፣ ሃርቲዎቹ ኤስቲቱን አንቶኒ ብላንሽን የኮሌጁ ገንዳ ውስጥ ሊዘፍቁት ይመጣሉ። እሱም አልተሟገታቸውም፤ በገዛ እግሩ ሄዶ ገባና ልፊያቸውን አከሸፈባቸው። ዛሬም አንድን ሰው «ትንሽ ሃርቲ ነው» ብሎ የሚያማ እንግሊዛዊ ቢያጋጥም፣ ጀርባ እየመታ ሰላም የሚል፣ ማለዳ ላይ የሚያደነቁር ሰው ማለቱ ነው።

ቃሉ ደግነትን ብቻ የሚናገር የሚመስለው ሰው «ሃርቲሊ» የሚለውን ይይ። «ሃርቲሊ እስማማለሁ» እንደሚባል ሁሉ «ሃርቲሊ ሰልችቶኛል»፣ «ሃርቲሊ እጠላዋለሁ» ማለትም ያለ ነው። እዚህ ሞቅታው ቀርቶ ሙላቱ ብቻ ይቀራል፤ የሚለካውም ስሜቱ ጥሩ መሆኑ ሳይሆን ያልተቆነጠረ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ እንግሊዝኛና አማርኛ ይስማማሉ፤ እኛም የወደድነውን «ከልቤ» እንላለን፣ የጠላነውንም «ከልቤ»።