ልጆችና የእጅ ስልክ፦ ከመከልከል በፊት መነጋገር

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ከተሞች ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች አሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰባቸው ሄደው ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ በሳምንቱ ሌሊቶች ግን «ስልኩን አስቀምጠህ ተኛ» የሚላቸው አዋቂ አጠገባቸው የለም። እንዲህ ያለው ተማሪ ራስ ምታት ወይም ድካም ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የእንቅልፉ ሁኔታ ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም። ምሽት ላይ የስክሪን ብርሃን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዳይመነጭ ያዘገያል፤ የሚታየው ነገርም አእምሮን ያነቃቃል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ለሕፃናት መመሪያው ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለትልልቆቹ ግን ሰዓት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2016 እ.ኤ.አ. ለሁሉም አንድ ዓይነት የነበረውን የሁለት ሰዓት ገደብ ትቶ፣ ቤተሰቡ ተወያይቶ የራሱን ደንብ እንዲያወጣ መክሯል።

ችግሩ ውይይቱ ላይ ነው። በአካባቢው ልጅ በአባቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ማዳመጡ ጨዋነት ነው፤ ስለሆነም ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ስልኩ እንዳይነጠቅ የሚፈራ ልጅ ደግሞ በስልክ የደረሰበትን ዛቻ ወይም የተላከለትን ነውረኛ ምስል ለማንም አይናገርም። በዚህ ረገድ ቁጣ የሚያመጣው ጉዳት ከስልኩ ጉዳት ሊብስ ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው ወጣቱን ለብቻው፣ ምስጢሩን ጠብቆ ቢያነጋግረው ይመረጣል፤ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ግን ምስጢር ሆኖ እንደማይቆይ አስቀድሞ ይንገረው። «ስንት ሰዓት ትጠቀማለህ?» ከማለት «ማታ ስልክህ የት ያድራል?»፣ «ያስጨነቀህ ነገር አይተሃል?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ወላጅም ስልክ ባያውቅ አያፍርም፤ «እስቲ የምትወደውን አሳየኝ» ሲል ልጁ አስተማሪ ይሆናል። ስንቅ የሚወሰድበት ቅዳሜ፣ ቡና ሲፈላ፣ ለዚህ ምቹ ነው። ማታ ስልክ ከመኝታ ርቆ ይደር ከተባለም ደንቡ ለአባትና ለእናት ጭምር ይሁን።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ከጓደኛ መራቁ ወይም የትምህርት መውደቁ ከቀጠለ የአእምሮ ጤና ምርመራ ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ልጁን ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል።