የ16 ደቂቃ ሰማይ፦ የድሬዳዋ አየር መከላከያ በኦጋዴን ጦርነት

የደሴት አየር መከላከያ ዋነኛ ችግር የጥልቀት ማነስ ነው፤ ጥልቀት ሲባል አጥቂው አውሮፕላን ከታየበት ሥፍራ አንሥቶ ዒላማው ላይ እስኪደርስ የሚያቋርጠው ርቀት፣ ማለትም ተከላካዩ የሚያገኘው ጊዜ ነው። ከሲሲሊ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ማልታ በሰኔ 1932 ዓ.ም. የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች ሲመጡባት የገጠማት ይኸው ነበር። ድሬዳዋን ባሕር ባይከባትም፣ በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ የጅቡቲው የባቡር መስመር ሲቋረጥ ከደሴት እምብዛም አልተለየችም። 

የሶማሊያ ሚግ ጄቶች ከሚነሡበት ከሐርጌሳ እስከ ድሬዳዋ በአየር 240 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ጉዞው 16 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ራዳር፣ የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ነጸብራቁ የሚመለስበትን ጊዜ በመለካት ርቀትን የሚያውቅ መሣሪያ፣ ሞገዱ በቀጥታ ስለሚጓዝ የምድር ጉብጠትና ተራራ ይጋርዱታል፤ በሜዳ ላይ የተተከለ ራዳር በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚበረውን እስከ 225 ኪሎ ሜትር ሊያይ ቢችልም፣ በ100 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ግን 40 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ነው የሚያገኘው። ድሬዳዋ ደግሞ በሐረርጌ ደጋ ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ደቡቧን ተራራ ይከልለዋል። አሜሪካ ሠራሹ ራዳር ከጅጅጋ አጠገብ በካራማራ ተራራ ላይ የተተከለበት ጥቅም ከዚህ ይታያል፤ የከተማዋ ዓይን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ቀድሞ ይጠብቅ ነበር።

ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው የሚነሣ ተዋጊ ሲኖር ነው። የኢትዮጵያ ጥቂት ኤፍ-5ኢ ጄቶች ከሶማሊያ ሚግ-21 በፍጥነት ቢያንሱም በቅርብ ፍልሚያ ፈጥነው ይታጠፋሉ፤ ሙቀት ተከትሎ የሚሄድ ሳይድዋይንደር ሚሳይልም ይታጠቃሉ። ከሁሉ የላቀው ግን የአብራሪዎቹ ሥልጠና ይመስላል። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ለገሰ ተፈራ ሚጎችን ከጣሉ በኋላ ራሳቸው ተመትተው ተማርከው ከ10 ዓመት በላይ ታስረዋል።

ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. በድሬዳዋ ላይ የከፋው አደጋ የመጣው ግን በምድር ነው፤ ታንኮች ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ ለአየር ፍልሚያ የታሰቡት ጄቶች በምድር ጦሩ ላይ ዘመቱ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ስትያዝ የካራማራው ራዳር አብሮ ስለጠፋ፣ በሰማይ የሚደረግ የጥበቃ በረራ ዋጋው ብዙ ነዳጅ ቢሆንም ዓይኑን መተካት ነበረበት፤ ይህም ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ ነው።