የውሃ ቀጂዋ ቀይ ካባ፤ የአይዳ ሙሉነህ ፎቶግራፎች ከጅቡቲ ሲታዩ

ጅቡቲ ከተማ በ1888 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከተቈረቈረች በኋላ፣ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚጓዙ የፈረንሳይ መርከቦች ከሰልና ስንቅ ሊጭኑ ጎራ ይሉባት ነበር። መርከቡ እስኪጭን ድረስ መንገደኞቹ ወደ ከተማው ወርደው ከሚገዙት ዕቃ አንዱ ባለ ፎቶግራፍ ፖስት ካርድ ነበር። በካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ የአገሩ ሴት ትታያለች፤ የውሃ ዕቃ ተሸክማ የምትታይባቸውም አሉ። ከሥርዋ የሚታተመው «የሶማሌ ሴት» ወይም «የደንከል ሴት» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስምዋ ማን እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ ፎቶግራፍ ለመነሣት ፈቅዳ እንደ ሆነ የሚነግር የለም። ካርዱ ግን ቴምብር ተለጥፎበት ማርሴይ ይደርስ ነበር።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ሌላ ጠባይ ነበረው። ከዐፄ ምኒልክ ጀምሮ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ በአርመናውያኑ በቦያጂያን ቤተ ሰብ እጅ ቈየ። በዚያ ስቱዲዮ የሚነሣ ሰው ካባውን ደርቦ፣ መጋረጃ ከኋላው ተዘርግቶለት፣ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ ነበር የሚነሣው። ስለዚህ መኰንኑ በስሙና በክብሩ ሲታወቅ፣ ውሃ ቀጂዋ ያለ ስም በካርድ ትሸጥ ነበር ማለት ነው። በዘመናችን እነዚህን ሁለት መንገዶች አንድ ያደረጉ አንዲት ኢትዮጵያዊት አሉ፤ እርሳቸውም አይዳ ሙሉነህ ናቸው።

አይዳ በ1974 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው ከአገር ወጥተው በየመንና በቆጵሮስ ካደጉ በኋላ በ1985 ካናዳ ገቡ። በዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ተመርቀው፣ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠሩ። በ2007 በባማኮ በተደረገው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ትርዒት የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ በዓል አቋቋሙ። የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ሰው የሆነውን ነገር አሳድዶ ይይዛል፤ እርሳቸው ግን ቀስ በቀስ ከዚያ ርቀው፣ ገና ያልሆነውን ነገር በራሳቸው አሳብ አቀናብረው ወደ ማንሣት ተሻገሩ።

የአሠራራቸው ሥርዐት ከፋሽን ፎቶግራፍ ጋር የሚቀራረብ ነው። አሳቡ አስቀድሞ በወረቀት ይነደፋል፤ ልብሱ ለዚያ ሥዕል ሲባል ይዘጋጃል፤ የሴቲቱ ፊት ነጭ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፣ አንዳንድ ጊዜም ነጠብጣብ ይደረግበታል። ይህም በልዩ ልዩ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ገላን በቀለም ከማስጌጥ ልማድ የተቀዳ ነው። ቀለሞቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር። የጨርቅ ነጋዴ የሆነ አንባቢ እነዚህን ሥዕሎች ቢመለከት፣ አበባ የታተመበት ጨርቅ እምብዛም እንደማይገኝ ወዲያው ያስተውላል። አንድ ቀለም ያለው ሰፊ ጨርቅ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሴቲቱም አትስቅም፤ ብዙ ጊዜ ተመልካቹን ፊት ለፊት ታየዋለች፤ ዓይንዋን ቀድሞ የሚሰብረው ተመልካቹ ነው። በ2016 የወጣውን ተከታታይ ሥራቸውን «ዓለም ዘጠኝ ናት» ብለው የሰየሙት፣ ዓለም ሞልታ አታውቅም ከሚለው የአያታቸው አባባል ወስደው ነው። በ2018 ሥራቸው በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ።

ለጅቡቲ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «የውሃ ሕይወት» የተባለው በ2018 የተሠራው ተከታታይ ሥራ ነው። ያዘዛቸው ዎተርኤይድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ በገንዘብ የረዳውም ኤች ኤንድ ኤም የተባለው የስዊድን ልብስ ነጋዴ ያቋቋመው ፋውንዴሽን ነው። ሥዕሎቹ ዐሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ የተነሡት በአፋር ምድር በዳሎል ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ የተመዘገበበት የጨው አገር ነው። ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሳል ሐይቅ የወረደ ሰው ምድሩን ያውቀዋል፤ ነጩ ጨው፣ ጥቁሩ ድንጋይ፣ አሞሌ የሚጭን ግመል፣ ጥላ የሌለው ቀትር። በዚህ ነጭ ምድር ላይ አይዳ ቀይና ሰማያዊ ካባ የለበሱ ሴቶችን አቆሙ። ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካንም በአደባባይ እንደ ተያዘ የክብር ዕቃ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። የውሃ ጥም እንዴት ያምራል? ሦስት ሰዓት ተጉዛ ውሃ የምትቀዳ ሴት እንዲህ ያለ ካባ ለብሳ አታውቅም፤ ልብስ ነጋዴ የከፈለበት ውበት ችግሯን ይሸፍን ይሆናል የሚል ሰው ነገሩን በከንቱ አላነሣውም። እኛም ክርክሩን በቀላሉ አናልፈውም። ሆኖም የችግረኛን ፎቶግራፍ በተመለከተ የቀድሞው ልማድ ምን እንዳተረፈ እናውቃለን። የተራቈተውንና የከሳውን ሰው ያየ ባዕድ ያዝናል፣ ገንዘብም ይጥላል፤ የሰውየውን ስም ግን አይጠይቅም። በአይዳ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ለማዘን ቦታ አያገኝም፤ ከፊቱ የቆመችው እመቤት ናትና። ይህች እመቤት ስለ ምን ውሃ ትሸከማለች ብሎ መጠየቅ ይገደዳል። ጥያቄው ደግሞ የበጀት ጥያቄ ነው፤ የቧንቧ፣ የፓምፕና የመንገድ።

ጅቡቲ ይህን ጥያቄ በገንዘብ ስትመልስ የኖረች ከተማ ናት። በ2019 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ አካባቢ፣ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ የከርሰ ምድር ውሃ እንዲያመጣ የታቀደ የቧንቧ መሥመር ተመረቀላት። በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ የሚያጣፍጥ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቧንቧ ባልደረሰበት ገጠር ግን፣ ከጠረፉ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ ጀሪካኑን ተሸክማ የምትሄደው ሴት ወይም ልጃገረድ ናት፤ በአንድ በኩል ያለው አፋር ከሌላው አፋር የሚለየው በወረቀት ብቻ ነው።

«የውሃ ሕይወት» በ2019 መከር በለንደን በሰመርሴት ሃውስ ታየ። በዚያው ዓመት አይዳ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ኤግዚቢሽን በጋራ እንዲያዘጋጁ ተመረጡ፤ በዚህም ሥራ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት፣ ሽልማቱ ለዓለም ምግብ ፕሮግራም በተሰጠ ጊዜ፣ ረኃብ የጦር መሣሪያ ሆኖ የዋለበትን ታሪክ በሥዕል እንዲሠሩ ታዘዙ።

በኋላም መኖሪያቸውን ወደ አቢጃን አዛወሩ። በ2022 ሥራዎቻቸው በኒው ዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን ከተሞች ከ330 በላይ በሆኑ የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተለጥፈው ወጡ። የሙዚየም መግቢያ ያልከፈለ፣ ለሥራ የረፈደበት፣ ዘንቢል የያዘ ሰው ሁሉ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ከነዚያ ባለ ካባ ሴቶች ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ነበር።